ዳንቴል የለበሰው ራውተር

መቀሌ፣ ዓይናለም
ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ገባ! ኤርሚ፣ ሣጥኑ ገባ! ዛሬ ረፋዱ ላይ አንድ ጥግ እንኳ ሳይሰነጠቅ፣ ጉምሩክ ምንም ሳያጎድልበት፣ ቤተ መጻሕፍቴ ውስጥ ገባልኝ።

ይኸው ደስታው ቀድሞ ወጣና ሰላምታውን አስረሳኝ። እንግዲህ ከመጀመሪያው ልነሣ። ለምወድህና ለምኮራብህ ለአክስቴ ልጅ ለኤርሚያስ፦ አጥንት ዘልቆ በሚገባው በኮሎኝ ብርድ እንዴት ሰነበትክልኝ? የሰማዩ ጌታ እጅህን ሥራ፣ ደጅህን ሰላም አያሳጣው። እኔም፣ ባለቤቴ ገዛኢም፣ ልጃችን ዳናይትም ደህና ነን። ይህን በወረቀት ጽፌ ዳናይት በስልኳ አንሥታ ትልክልሃለች። «ለምን ደውለሽ አትነግሪውም?» ትለኛለች። ስልኩ ተቋርጦ በነበረባቸው ዓመታት በመንገደኛ እጅ ስንጻጻፍ የለመድኩት ነገር ነው። ስደውልልህ ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ ተባብለን እንዘጋለን፤ ብዕር ስይዝ ግን ወሬው እንደ ክረምት ጎርፍ ነው።

ሣጥኑን ከቁሓ ያመጣው ገዛኢ ነው፣ በራሱ ሚኒባስ፣ ጋቢና ከጎኑ አስቀምጦ። አንድ ተሳፋሪ ይሄ ሁሉ ቦታ ለሣጥን ነው ወይ ብሎ ሲቆጣው፣ «ኣታ፣ እሱ ከጀርመን ነው የተሳፈረው፤ አንተ ከዚህ ከድልድዩ» አለው አሉ። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ፍሪጅ መስሎት ነበር። ከፍተን ስናየው ጥቁር ብረት፣ ፊቱ ቀዳዳ በቀዳዳ፣ ክብደቱ የሠባ በግ ያህል። ለመምህራኑ በዚህ ውስጥ መጽሐፍ የሚሄድበት መንገድ አለ አልኳቸው። እንደዚያ ብለህ አልነበር ያስረዳኸኝ?

አንተ ታውቀዋለህ፣ ግን ደስ ስለሚለኝ ልድገመው። በጦርነቱ መጻሕፍቶቼ ካለቁ ወዲህ የምጠብቀው ባዶ መደርደሪያ ነው። አምና አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት የሁሉንም ክፍል መጽሐፍና የቪዲዮ ትምህርት የያዘ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ሰጠን፤ ሰርቨር ይሉታል። ጣራው ላይም ሶላር ከነባትሪው ተከሉልን። ተማሪው ኢንተርኔት ሳያስፈልገው እዚያው ክፍል ቁጭ ብሎ በስልኩ ያነበዋል ተባለ። ከሰርቨሩ ወደ ልጆቹ ስልክ የሚያደርሰው ራውተር ግን የለም። ሰርቨሩ ጎረቤት እንደሌለው ሀብታም ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ርእሰ መምህራችን መምህር ስብሓት ደግሞ በትሕትና፣ ግን በግልጽ፣ ነግረውኛል፤ እስከ ፋሲካ እዚህ ክፍል ውስጥ የሚያነብ ተማሪ ካልታየ ክፍሉ የዕቃ ማከማቻ ይሆናል። ዳናይት ሳትወለድ የያዝኩት ቁልፍ የመጋዘን ቁልፍ ሊሆንብኝ ነበር። አሁን ግን ማሽንህ ደረሰልኝ።

መሐል ክፍሉ ላይ፣ የገባ ሁሉ በሚያየው ከፍ ባለ ጠረጴዛ አስቀምጬዋለሁ። የሰጪው ክብር የሚታወቀው በስጦታው ቦታ ነው። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ፦ ወደ መማሪያ ክፍሎቹ የሚደርስ ረጅም የኔትወርክ ገመድ ካገኘህ ላክልኝ።

የምትወድህ እኅትህ
ሰርካዲስ ከፋለ


ኮሎኝ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው ለእትዬ ሰርካዲስ፣ ለጋሽ ገዛኢና ለዳናይት፦ መድኃኔ ዓለም በያላችሁበት ጥላ ይሁናችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ገና ጥርሱን አላወጣም።

ደብዳቤሽን ባቡር ውስጥ ነው ያነበብኩት። የጋሽ ገዛኢ መልስ ጋ ስደርስ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ተነሥተው ቦታ ለወጡ።

ማሽኑን ያገኘሁት መሥሪያ ቤታችን አዲስ ሲያስገባ ነው። አንድ ሙሉ ሕንጻ ሠራተኛ ሌት ተቀን ሲያስተናግድ የኖረ ነው። ሊጥሉት ሲሉ ለምኜ ወሰድኩት፣ አቧራውን በብሩሽ አንድ በአንድ አወጣሁለት። ያገለገለ ነው ብለሽ እንዳትንቂው፤ ያረጀ የድርጅት ዕቃ ከአዲስ መጫወቻ ይበልጣል። በየሱቁ ያለውን ርካሽ የፕላስቲክ ራውተር እንሞክር የሚልሽ ካለ እሺ እንዳትዪ። ያ ለአንድ ሳሎን የተሠራ ነው። ትምህርት ቤት ሲገባበት ይሰግዳል።

ማጓጓዣውን የሸፈነልኝ እዚህ ያለው የመድኃኔ ዓለም ማኅበራችን ነው። በየወሩ በ27 ስንሰበሰብ ወሬው ሁሉ ስለ ማሽኑ ሆኗል። ስለዚህ አረንጓዴ መብራቶቹ በርተው፣ ልጆቹ ከበውት፣ አንድ ጥሩ ፎቶ ላኪልኝ። አሳያችኋለሁ ብያቸዋለሁ። ገመዱን እፈልጋለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ
ኤርሚያስ


መቀሌ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለኤርሚያስ፦ የገና ጾም እንዴት ይዞሃል? ቸሩ አምላክ በጤና ለበዓሉ ያድርስህ። ስለዘገየሁ አትቀየመኝ። እኛ ደህና ነን። ገዛኢ ጉልበቱን ያመዋል፣ ምላሱን ግን ምንም አላመመውም። ውሃ አሁንም በፈረቃ ነው፤ ጉድጓዱ የኛ ሰፈር፣ ውሃው የከተማው፣ ጀሪካኑ የኛ እያልን እንስቃለን። ዳናይት ሓወልቲ ሰፈር በከፈተችው ሱቅ ስልክና ኮምፒውተር ትጠግናለች፤ ሥራው ከመብዛቱ የተነሣ ምሳዋን ቆማ ነው የምትበላው።

ስለ ማሽኑ ጠይቀሃል። ደህና ነው። ቦታው ላይ አለ። በየቀኑ አቧራውን እጠርግለታለሁ። ልብስም ሠርቼለታለሁ፤ በነጭ ክር፣ ዙሪያው አበባ ያለው ሙሉ ዳንቴል፣ ከአናቱ እስከ እግሩ የሚወርድ። ያየው ሁሉ አድንቆታል። የሒሳብ መምህሯ ለቴሌቪዥኗ እንዲህ ያለውን ሥሪልኝ ብላኛለች። አሁን ግን ማሽኑ ትንሽ እያረፈ ስለሆነ ፎቶውን ሌላ ቀን እናነሣዋለን። የክፍሉ ብርሃንም ለፎቶ አይመችም።

ገመዱን አሁን አትላከው፣ ይቆይ። እንዲያው ለማወቅ ያህል ግን፣ ከዚህ አነስ ያለ፣ ብዙ መብራት የማይበላ ዓይነት አለ እንዴ? የምትጠይቀው ዳናይት አይደለችም። እኔው ነኝ።

እኅትህ ሰርካዲስ


ኮሎኝ
ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰርካዲስ፦ ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ። ዛሬ አላረዝመውም።

ልብስ ማለት ምን ማለት ነው? በማሽኑ ጎንና ጀርባ ያሉት ቀዳዳዎች መተንፈሻዎቹ ናቸው። ዳንቴሉ ይሸፍናቸዋል? ደግሞስ ማሽን ምን ሠርቶ ደከመውና ነው የሚያርፈው? አንቺ ወሬ ስታሳጥሪ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። በ27 ማኅበሩ ፊት ልቆም ነው። ፎቶውን ላኪልኝ፣ አለዚያም እውነቱን።

ኤርሚያስ


መቀሌ
ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለኤርሚያስ፦ እንኳን ለጥምቀቱ አደረሰህ፤ በዮርዳኖስ የታየው ብርሃን በቤትህ ይደር።

አንዱ 27 አለፈ፣ ሌላው ደረሰ፣ እኔም ዝም አልኩ። ከታቦቱ መልስ ገዛኢ፣ «ኣንቲ ሰርካዲስ፣ ሰው ስጦታ ሰጥቶሽ በዝምታ ነው የምትመልሺለት?» አለኝ። እውነቱን ነው። እንግዲህ ስማኝ።

ማሽንህ ሲነሣ ይጮሃል። ገዛኢ ወፍጮ ቤቱ ይለዋል። ልጆቹ የሚያነቡት ጆሯቸውን ይዘው ነበር። ዳንቴሉን የሠራሁት ግማሹን ለክብሩ፣ ግማሹን ድምፁን ይቀንስልኛል ብዬ ነው። የቤታችን ሬዲዮ ለብሶ ኖሯል፣ ቴሌቪዥኑ ለብሶ ኖሯል፣ ምን ሆኑ? ከክፍለ ከተማው የትምህርት ኃላፊዎች ሊጎበኙን በመጡ ቀን ደግሞ ዳንቴሉን በስታርች አጥቤ፣ ቀጥ አድርጌ ተኩሼ፣ እንደ ሙሽራ አልብሼ ጠበቅኳቸው። መምህር ስብሓት ይህ ከጀርመን የተላከልን ነው ብለው ገና ሲጀምሩ ማሽኑ ጩኸቱን ጨመረ፣ አሁንም ጨመረ፣ ከዚያ ጸጥ። እንግዶቹ ጸጥታውን ወደዱት፤ አንደኛው እንዲያውም ቤተ መጻሕፍት ማለት እንዲህ ነው ብሎ አመሰገነኝ። ልጆቹ ግን ስልካቸውን እያዩ ጠፋ፣ ጠፋ ማለት ጀመሩ። ለዚያ ቀን ብላ ሱቋን ዘግታ የመጣችው ዳናይት ሮጣ ስትገልጠው ብረቱ እንደ ካውያ ይፋጃል። «እማ፣ አፍነሽዋል» አለችኝ በጆሮዬ። እንግዶቹ ባዶ ስልክ አይተው ሄዱ። 

አልሞተም፣ አትደንግጥ። በማግሥቱ ተነሣ። ዳንቴሉንም አወለቅኩለት። ነገር ግን ጥፋቱ የዳንቴሉ ብቻ አልነበረም። መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑ የሶላሩን ባትሪ አንድ ክፍለ ጊዜ ሳይሞላ ጠጥቶ ይጨርሰዋል፤ እዚህ ደግሞ መብራት መሄዱ አይቀርም። ዋይፋዩን የሚያዝበት ፕሮግራምም ከጉብኝቱ ወዲህ ፈቃዱ አልቋል ይላል፤ አምራቹ ኩባንያ ደግሞ ለዚህ ሞዴል ፈቃድ መሸጥ አቁሟል። ዳናይት አጠገቤ ቁጭ ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «እማ፣ ጋሽ ኤርሚያስ የላከልን ጥሩ በቅሎ ነው። ገብሷን ግን የኛ ቤት አይችለውም።»

ከዚያ ከሱቋ መዳፍ የምታክል ራውተር አመጣች። ፋብሪካው የጫነባትን ፕሮግራም አጥፍታ፣ ኮዱ ለዓለም ሁሉ ክፍት የሆነ፣ ከየአገሩ ያሉ ሰዎች በነጻ እየተጋገዙ የሚሠሩትን ፕሮግራም ጫነችባት። ፈቃድ የለ፣ ባለቤት ልጠይቅ የለ። ከሶላሩ ባትሪ በቀጥታ ትሠራለች፤ ድምፅ የላትም፣ ሙቀት የላትም። አንተ መጫወቻ ያልከው ትዝ ብሎኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የቆምኩት። ሠራች፣ ኤርሚ። መጀመሪያ የአንድ ክፍል ልጆች ገብተው አነበቡ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ሩፋይዳ የምትባል ልጅ አለች፤ ትምህርቷ ለዓመታት ተቋርጦባት ከታናሽ እኅቷ ጋር አንድ ክፍል ነው የምትማረው። የባዮሎጂ መጽሐፍ በስልኳ ከፍታ ደወሉን አልሰማችም። ትከሻዋን ነክቼ ነው ያስነሣኋት።

የሌላ ክፍል ልጆች ሲጨመሩባት ግን ራውተሯ ተንገዳግዳ ወደቀች። ሰገደች፣ አንተ እንዳልከው። ስለዚህ አንተም ልክ ነህ፣ ልጄም ልክ ናት፣ ፋሲካው ግን እየመጣ ነው።

ማሽንህ አሁንም መሐል ክፍሉ ላይ ነው፣ ጠፍቶ። ስጦታ ያለ ሰጪው ቃል ከቦታው አይነሣም፤ መምህር ስብሓት ያንሡት ቢሉኝም እንኳ አላነሣሁትም። ለማኅበሩ ምን እንደምትላቸው አላውቅም። ገመድም ሌላም አልፈልግም። ብቻ ጻፍልኝ።

እኅትህ ሰርካዲስ


ኮሎኝ
የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእትዬ ሰርካዲስ፦ ጾሙን በሰላም ያስጀመረን በሰላም ያስፈጽመን።

ከአንድ ወር በላይ ዝም አልኩሽ። መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር። በዳንቴሉ አይደለም፤ በዳንቴሉስ ሥራ ቦታ ብቻዬን ስቄያለሁ። የከበደኝ የፕላስቲኩ ነገር ነው። ያን የሚያህል ማሽን መዳፍ በምታክል ነገር ተተካ ብዬ ማኅበሩ ፊት እንዴት ልቁም? ስለዚህ ልከራከራት ብዬ ለዳናይት ደወልኩ። እሷ ግን ክርክሩን ትታ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ እናንተ ቢሮ ኮርኒስ ላይ የሚሰቀሉት ጠፍጣፋ ነጭ ዋይፋዮች ሲያረጁ የት ይሄዳሉ?»

የት ይሄዳሉ፤ መጣያ ነው። እነሱም የድርጅት ዕቃ ናቸው፣ ለብዙ ሰው የተሠሩ። ግን ማራገቢያ የላቸውም፣ የሚበሉት መብራትም ጥቂት ነው። ስንጥላቸው የኖርነው ፈቃዳቸው ስላለቀ ብቻ ነው። ዳናይት ያንኑ ክፍት ፕሮግራም እነሱ ላይ መጫን ይቻላል አለችኝ። አይቻልም አልኳት። እንሞክር አለች። ሱቋን ስትዘጋ ትደውልልኛለች፣ እኔ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እሷ የምትለኝን አደርጋለሁ። የመጀመሪያውን ገደልኩት። «አይዞህ ጋሼ፣ እኔም የመጀመሪያዬን ገድያለሁ» አለችኝ። ሁለተኛው ተከፈተ። አንቺ እንዳታውቂ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ እሷን እንዳትቆጪያት። ባይሳካ ሁለተኛ ተስፋ ሰጥቼሽ ሁለተኛ እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው።

ትናንት 27 ነበር። አንዱን ይዤ ሄጄ አዳራሹ ውስጥ ሰቀልኩት። የመጣው ሁሉ፣ ሽማግሌ ሳይቀር፣ ስልኩን አውጥቶ በአንድ ጊዜ አንድ የቪዲዮ ትምህርት ከፈተ። አዳራሹ ሙሉ ነበር፣ አልተንገዳገደም። ከዚያ ተነሥቼ የማሽኑን ነገር ከጀመረበት እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ዳንቴሉ ጋ ስደርስ አዳራሹ ሁሉ በሳቅ አቋረጠኝ። አንዲት እናት እንዲያውም፣ «ልጄ፣ እኔም ብሆን አለብሰው ነበር» አሉኝ።

የማኅበራችን ሰው ሃይላይ እናቱን ሊጠይቅ ወደ መቀሌ ይመጣል። በሻንጣው ስድስት ይዞልሻል። ስለ ማሽኑ ቃሌ ይኸው፦ አንሡት። ጄኔሬተር ላለውና ሊማርበት ለሚችል ስጡት። ያቺ ሩፋይዳ ግን አሁንም ታነባለች?

ወንድምሽ ኤርሚያስ


መቀሌ
መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለኤርሚያስ፦ የለፋህበትን ያሳየህ አምላክ ይመስገን፤ የእጅህን ፍሬ በዓይንህ ደግሞ ያሳይህ።

ሃይላይ ስድስቱንም በሸሚዝና በካልሲ ጠቅልሎ አመጣቸው። እናቱ ለሳቸው ልብስ ያመጣላቸው መስሏቸው ሻንጣውን ሲከፍቱ ያሉትን ገዛኢ ሰምቷል፤ እዚህ አልጽፈውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳናይት መሰላል ላይ፣ እኔ መሰላሉን ይዤ፣ አራቱን ሰቀልን፤ ሁለቱ ለመጠባበቂያ ተቀመጡ። ሁሉም የሚሠሩት ከሶላሩ ባትሪ ነው። መዳፍ የምታክለዋ የሷ ራውተርም አልተባረረችም፤ መግቢያው ላይ ሆና ማን በየት ይለፍ የምትለዋ እሷ ናት። አሁን ሁለት ክፍል፣ ሦስት ክፍል ይገባል። መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት። ሩፋይዳን ጠይቀሃል፦ በር ስከፍት ቆማ አገኛታለሁ፣ በር ስዘጋ ደግሞ ለምኜ ነው የማስወጣት። ባዮሎጂውን ጨርሳ ኬሚስትሪ ውስጥ ገብታለች።

ትናንት መምህር ስብሓት መጡ። ከኋላቸው ሁለት ሰዎች የተሰበሩ ወንበሮች ተሸክመዋል። ፋሲካው ሳይደርስ ቀደሙኝ አልኩ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፣ እግራቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ የለማ። ልጆቹ በየመደርደሪያው ሥር፣ በመስኮቱ ደፍ፣ ማሽኑ በነበረበት ባዶ ጠረጴዛ ዙሪያ። ያን ጊዜ ነው መብራት የሄደው። አምፖሉ ድርግም አለ። መምህር ስብሓት ወደ ጣራው አንጋጠጡ፣ ከዚያ ወደ ልጆቹ አዩ። አንድም ልጅ ቀና አላለም። ስልኩ የባትሪ፣ ዋይፋዩ የፀሐይ፤ መብራት መሄዱን ያወቅነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን።

ወደኔ ዞረው፣ «ወይዘሮ ሰርካዲስ፣ ወንበር ላስቀምጥብዎ ነበር የመጣሁት» አሉኝ። «ለካ የጎደለዎት ወንበር ነው።»

ሰዎቹን መልሰው ላኳቸው። ዛሬ ጠዋት አናጢ መጥቶ ግቢው ውስጥ መዶሻ ሲያሰማ ነው ይህን የምጽፍልህ። የሚጠገነው ተጠግኖ ለአንባቢዎቼ ይገባል። ዋእ ኤርሚ፣ ቁልፌ የቤተ መጻሕፍት ቁልፍ ነው።

ማሽንህም ክብሩን አላጣም። ጄኔሬተር ላለው የቴክኒክ ማሠልጠኛ ሰጠነው፤ ሠልጣኞቹ ፈተው እየገጠሙ ይማሩበታል። በላዩ ላይ የማኅበራችሁን ስም ራሳቸው ጽፈውበታል። የሱ ፎቶ ከዚህ ጋር አለ፣ የልጆቹም አለ። ለማኅበሩ አሳያቸው። ልጄን ደግሞ አሁን ከቁሓ ድረስ እየመጡ የኛንም ትምህርት ቤት አገናኚልን ይሏታል። እኔ አጠገቧ ቆሜ እናቷ ነኝ እላለሁ፣ ሳልጠየቅ።

አሁን ዋናውን ነገር ስማ። መምህር ስብሓት በይፋ እናስመርቀዋለን ብለዋል፤ ቀኑን ምረጪ የተባልኩት እኔ ነኝ። በጾም አይሆንም አልኩ። እናትህ አክስቴ ተዋበች ከደብረ ብርሃን ትምጣ፣ ገዛኢ ቁሓ አውሮፕላን ጣቢያ ሆኖ ይቀበላታል። ሃይላይ እስከዚያ ስለሚቆይ አያመልጥም። ከማኅበርህ የቻለ ሁሉ ይምጣ፣ አለብሰው ነበር ያሉት እናት በተለይ። የልጆቹ ወላጆች በጉንም ጠላውንም ተከፋፍለውታል፣ የሩፋይዳ እናት ለሙስሊሞቹ ድግሱን ለብቻ ታሰናዳለች። አንተ ደግሞ በስልክ ሳይሆን በእግርህ፤ ፈቃድ አልሰጡኝም ብትለኝ ለአለቃህ ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ፣ እሱም ርዝመቱን ያየዋል። ክፍሉ ቢጠብ ግቢው ሰፊ ነው። የማይቀርበት ቀን፦ ከፋሲካ ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18።

እኅትህ ሰርካዲስ ከፋለ